ስልኩን ይዞ ለመጣው አስታማሚ ምን ልመልስለት?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ የምሠራ ነርስ ነኝ። በሌሊት ተራዬ የደንጊ ትኩሳት የያዛት ልጅ ወንድም ስልኩን ይዞ መጣ። በቴሌግራም የደረሰው ጽሑፍ «የፓፓያ ቅጠል ጭማቂ ደንጊን እንደሚያድን በጥናት ተረጋገጠ፤ ለቁርጥማቱ ዳይክሎፌናክ ይወጋ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ዓርማም አለበት። ጠረጠርኩት፤ ማስረዳት ግን አቃተኝ። በምን ልመዝነው? (ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ ሲስተር፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ከመርፌው ልጀምር። ደንጊ ፕላትሌትን፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ሕዋሳት፣ ያወርዳል፤ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደግሞ የመድማት አደጋውን ያብሳሉ። የሚሰጠው በልኩ ፓራሲታሞል ነው። ይህን የሚመክረው ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ዓርማውና ቃሉ ተጣልተዋል። ዓርማ ማንም ይለጥፋል። በተላከው ማስፈንጠሪያ አትግቢ፤ የድርጅቱን ገጽ ራስሽ ከፍተሽ ደንጊን ፈልጊ።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ከተማችን ሲገባ አንድ ባልደረባችን ከስልኩ የገለበጠውን የመድኃኒት ልክ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ቀን የለው፣ ምንጭ የለው። ማንም ሳይጠይቅ ለቀናት መከተላችን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወደ ፓፓያው ስመለስ፣ ጥናቶች በእርግጥ አሉ፤ ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ድረ ገጽ ላይ ቢያንስ አጭር መግለጫቸውን በነጻ ታገኛለሽ። ግን ምን ለኩ? በአብዛኛው የፕላትሌት ቁጥር ነው። ሕመምተኛው ሲያገግም ቁጥሩ በራሱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጭማቂውን ያልጠጡ ሕመምተኞች ለንጽጽር መኖራቸውን እይ። ቁጥር መጨመሩ ብቻም ከሞት አተረፈ አያሰኝም።

ፐብሜድ ላይ መገኘትም የምስክር ወረቀት አይደለም። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውና በ1998 እ.ኤ.አ. በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣው ጽሑፍ በ2010 ተሰርዟል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ እዚያው አለ፣ የመሰረዙ ምልክት ተደርጎበት። ያን ምልክት ሳትፈልጊ አትለፊ። ሙሉው ጽሑፍ ክፍያ ከጠየቀሽ፣ ተቋምሽ በሂናሪ (የጤና መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ በሚያስነብበው ፕሮግራም) ተመዝግቦ እንደሆነ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቂ።

ወንድምየውን ግን አትቆጪው። ለእህቱ ጨንቆት ነው የመጣው። አጠገብሽ አስቀምጠሽ አብራችሁ ፈልጉ። ከዚያ አደገኛው ሰዓት ትኩሳቱ ሲበርድ እንደሆነ ንገሪው፤ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ካየ፣ ሌሊትም ቢሆን ሮጦ ይጥራሽ።