የስፖርት መኪና ቅያሪ ዲስክ ይበረክታል ወይ? በራሴ መኪና ላይ ያየሁት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የፊት የፍሬን ዲስኮችህ አልቀዋል፤ ኦሪጂናሉ በጣም ተወደደብህ። ከሌላ አምራች የመጣ፣ የተበሳና ቦይ የወጣለት ዲስክ አይተህ "ይበረክታል? በዓመት ጥቂት ቀን ትራክ (የእሽቅድምድም ሜዳ) ብገባስ ይችላል?" ብለሃል። አዎ፣ ኦሪጂናል ያልሆነ ዲስክ ሊበረክት ይችላል። እንዲያውም ከኦሪጂናሉ የሚሻል አለ። ግን አሁን ዓይንህን የሳቡት ቀዳዳዎቹ ከሆኑ ትንሽ ቆም በል።

እኔ ከኋላ የሚነዳ ባለ ሁለት በር መኪና ከያዝኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ጊዜ አራት ዓይነት የፊት ዲስክ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው ልክ አንተ ያየኸው ዓይነት ነበር፤ የተበሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቸርኬው ውስጥ ሲታይ የሚያምር። መንገድ ላይ ምንም አላጎደለም። ትራክ ስገባ ግን በሦስተኛው ቀን ማታ ጎማውን ፈትቼ በባትሪ ሳየው፣ ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ወጥተው ነበር። ጥፍሬን ሳስኬድባቸው አብዛኞቹ አልያዙኝም። አንዱ ያዘኝ። ያ ስንጥቅ ከአንዱ ቀዳዳ ተነስቶ እስከሚቀጥለው ቀዳዳ ደርሷል። በማግስቱ ለመንዳት ተመዝግቤ ነበር። ቀረሁ።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዲስክ በተደጋጋሚ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ጥቃቅን መስመሮች ማውጣቱ የተለመደ ነው። ጥፍር የማይዙ ከሆነ እየተከታተልክ መንዳት ትችላለህ። ጥፍር ከያዘ ግን ነገሩ ተቀይሯል። ስንጥቁ ወደ ዲስኩ የውጭ ጠርዝ ከደረሰ ወይም ሁለት ቀዳዳ ካገናኘ ያ ዲስክ አበቃለት። "አንድ ቀን ልንዳበትና እቀይረዋለሁ" አይባልም።

ቀዳዳው የመጣው ከድሮ ነው። የዱሮ የፍሬን ሸራዎች ሲግሉ ጋዝ ያወጡ ነበር፤ ጋዙም በሸራውና በዲስኩ መካከል ገብቶ ፍሬኑን ያደክም ነበር። ቀዳዳው መውጫ ሰጠው። የዛሬ ሸራዎች ያን ያህል ጋዝ አያወጡም። ቀዳዳው ዛሬ በዝናብ ጊዜ ውሃ ለማስለቀቅ ይረዳል፣ ትንሽም ክብደት ይቀንሳል። ፖርሸ ከፋብሪካው የተበሳ ዲስክ ያለው መኪና ያወጣል፤ ስለዚህ ቀዳዳ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። በተለይ ርካሹ ዲስክ ላይ፣ ልሙጥ ሆኖ የተሠራውን ዲስክ ወስደው በመሰርሰሪያ ስለሚበሱት፣ አንዳንዱ ቀዳዳ በውስጡ ያለውን ክንፍ፣ ማለትም በዲስኩ ሁለት ፊቶች መካከል አየር የሚመራውን ግድግዳ፣ ይመታል። የእኔም እንደዚያ ነበር። ከጎን በባትሪ ሳበራበት ሁለት ክንፍ ግማሹ ተበልቶ አየሁ።

የዲስክ ዕድሜ የሚለካው በሙቀት ነው። አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ200 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ ፍሬኑ 1.7 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይውጣል። ከዚያ ውስጥ 70 በመቶው የፊት ነው ብንል፣ ለእያንዳንዱ የፊት ዲስክ 600,000 ጁል አካባቢ ይደርሰዋል። 10 ኪሎ የሚመዝን ዲስክ በዚህ ብቻ ወደ 130 ዲግሪ ይጨምራል። ያ አንዴ ብቻ ፍሬን ስትይዝ ነው። ከደቂቃ በኋላ ሌላ ኩርባ አለ። ሳይቀዘቅዝ እንደገና ይጨመርበታል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከተማ ውስጥ ዘላለም የሚኖር የሚመስል ዲስክ ትራክ ላይ በጥቂት ቀን ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ዲስክ ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ክብደቱን ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በአጋጣሚ ነው የደረስኩበት። የፈታሁትን ኦሪጂናል ዲስክ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 10.4 ኪሎ ሆነ። በእሱ ፋንታ ያስገባሁት፣ በስፋትም በውፍረትም እኩል የሆነው፣ 8.9 ኪሎ ነበር። አንድ ኪሎ ተኩል ብረት የት ሄደ? ሸራው የሚነካቸው ሁለቱ ፊቶች ቀጥነዋል፣ በመካከላቸው ያለው የአየር ክፍተት ሰፍቷል። ከውጭ ስታየው ምንም አይታወቅም። ግን በዚያው ስሌት ኦሪጂናሉ 127 ዲግሪ ሲጨምር ይሄኛው 148 ይጨምራል፤ በየኩርባው፣ በየዙሩ። ሻጩ ክብደቱን ሊነግርህ ካልቻለ ራስህ መዝነው።

ሁለተኛው ነገር ክንፎቹ ናቸው። አየር በመሃል የሚገባበት ዲስክ ሲሽከረከር እንደ ፓምፕ አየር ከውስጥ ስቦ ወደ ውጭ ይገፋል። ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ከሆነ ግራና ቀኝ ለውጥ የለውም። የታጠፉ ከሆነ ግን አለው፤ ግራና ቀኙ የተለያየ ዲስክ መሆን አለበት። ከላይ በኩል ስታየው ክንፉ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሄድ ወደ መኪናው ኋላ ማጋደል አለበት። ሁለተኛውን ዲስኬን የገጠመልኝ መካኒክ የተመለከተው በፊቱ ላይ ያለውን ቦይ ነበር። ቦዩ ወደፊት ሲታይ ያማረ መስሎት ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አደረገው። ለሁለት ወር አላወቅኩም። ትራክ ላይ ግን በአራተኛው ዙር ፔዳሉ ይረዝምብኝ ነበር። ሸራ ቀየርኩ፣ የፍሬን ዘይት ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ በቸርኬው መካከል አይቶ "ክንፎቹ ወደፊት ናቸው" አለኝ። ቦታ አለዋወጥናቸው። በቀጣዩ የትራክ ቀን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ዙር አልላላም። አንዳንድ ርካሽ አምራች ደግሞ የታጠፈ ክንፍ ያለውን አንዱን ዲስክ ለሁለቱም በኩል ይሸጣል። ያ ከሆነ አንዱ ጎን ምንጊዜም በተሳሳተ አቅጣጫ ነው የሚዞረው።

አሁን ወደ "ዲስኩ ተጣሟል" ልምጣ። ፍሬን ስትይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉም ሰው ዲስኩ ተጣሞ ነው ይልሃል፣ አምራቹ ይሰደባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብረቱ አልተጣመመም። ወይ ከሸራው የወጣ ነገር በዲስኩ ፊት ላይ እኩል ሳይሆን ተጣብቋል፣ ወይ ዲስኩ ሃቡ (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት መሃል) ላይ ሲገጠም ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም። የእኔ ሦስተኛው ዲስክ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በኋላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልመልሰው ነበር። ከዚያ በፊት ግን ጎማውን ፈትቼ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ወጣ ገባ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) አቆምኩበት። ፊቱ ወጣ ገባ የሚለው ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር፤ የሚፈቀደው በብዙ መኪና 0.05 ገደማ ነው፣ የአንድ ወረቀት ግማሽ ውፍረት ማለት ነው። ዲስኩን ሳወጣው ሃቡ ላይ የዝገት ቅርፊት አለ። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ጠረግኩት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ለካሁት፤ 0.03። ዲስኩ ጥፋት አልነበረበትም። የጎማ ቡሎኖችንም በአየር መፍቻ ዝም ብለህ አታጥብቅ። በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው)፣ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቅክ፣ መኪናው በሚጠይቀው ልክ።

አዲስ ዲስክና ሸራ ደግሞ መላመድ አለባቸው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከኋላዬ ማንም በሌለበት መንገድ ከ100 ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠንከር አድርጌ እይዛለሁ፣ ሳልቆም እንደገና እፈጥናለሁ፣ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ። ፈጽሞ አልቆምም። ከዚያ ፍሬን ሳልነካ አሥር ደቂቃ እየነዳሁ አቀዘቅዘዋለሁ። የሸራው አምራች የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ተከተል። ከትራክ ስትወጣም እንደዚሁ ነው፤ መኪናውን አቁመህ ፔዳሉን ረግጠህ አትያዝ፣ የእጅ ፍሬንም አትሳብ። የጋለው ሸራ በቆመበት ቦታ ዲስኩ ላይ ማህተም ይተዋል፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ይጀምራል።

ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ነጥብ ካየህ ግን ያ ሌላ ነው። እዚያ ቦታ ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ ባሕርዩ ተቀይሯል፣ ጠንክሯል። ቶርኖ ማስበላቱ ብዙ አይረዳም፤ ጥንካሬው ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ተመልሶ ይመጣል።

ውፍረቱን በማይክሮሜትር ለካ። በተራ ካሊፐር (የፍሬኑ ሳይሆን የመለኪያው) ከለካህ ያልተበላው የውጭ ጠርዝ ያታልልሃል። ዝቅተኛው ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል። ትራክ የምትገባ ከሆነ እስከዚያ ድረስ አትጠብቅ፤ የቀጠነ ዲስክ የቀለለ ዲስክ ነው። የፍሬን ዘይቱንም አትርሳ። ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። እርጥበት ሲስብ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ያኔ ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ ወለል ሲነካ ዲስኩን አትውቀስ።

ሁለት ክፍል ስላላቸው ዲስኮችም ጠይቀሃል፤ መሃላቸው አሉሚኒየም፣ ዙሪያቸው ካስት አይረን የሆኑት። አሁን መኪናዬ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ቦይ ያለው፣ ያልተበሳ። የዙሪያው ቀለበት ሲግል በነፃነት ስለሚሰፋ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ሲያልቅ ቀለበቱን ብቻ ትቀይራለህ። በብርድ ጊዜ ትንሽ ይንኳኳል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ግን በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ለሚገባ ሰው ግዴታ አይደለም። ካርቦን ሴራሚክ የሚባለው ውድ የዲስክ ዓይነት መንገድ ላይ በጣም ረጅም ዕድሜ አለው፣ ትራክ ላይ በሙቀት ሲቃጠል ግን ክብደት እያጣ ነው የሚያልቀው፤ ስለዚህ ማለቁ የሚታወቀው ተመዝኖ ነው።

እንግዲህ ላንተ የምመክርህ ልሙጥ ወይም ቦይ ያለው ዲስክ ነው፤ ክብደቱ ከኦሪጂናሉ ያላነሰ፣ ክንፉ የታጠፈ ከሆነ ግራና ቀኙ የተለየ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ 90 የሚባለው ለቅያሪ ዲስክም ፈተና ያስቀምጣል፤ ያለፈው ዲስክ የ"E" ምልክትና ቁጥር ይታተምበታል። መንገድ ላይ ብቻ ስነዳ እንዲህ ዓይነት ልሙጥ ዲስክ ከ60,000 ኪሎ ሜትር በላይ አገልግሎኛል። የተረፈህን ገንዘብ ጥሩ ሸራና አዲስ ዘይት ላይ አውለው። ያየኸውን ዲስክ ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ በባትሪ እያበራህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ፤ ክንፎቹን አይቼ የመሰለኝን እነግርሃለሁ።