ልደቴ ፓጉሜ ላይ ነው፣ ዕቅዴ ግን መስከረምን አይሻገርም

ጥያቄ፦ የተወለድኩት ፓጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ዘንድሮ 30 ልሞላ ነው። በየልደቴ ደብተር አውጥቼ ዕቅድ እጽፋለሁ፤ የስፌት ማሽን መግዛት፣ የማታ ትምህርቴን መጨረስ፣ እናቴን ማሳከም። መስከረም ሳያልቅ ሁሉም ይቀራል። ሰነፍ ሆኜ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ ሰነፍ አይደለሽም። የከበደብሽ ወቅቱ ነው። ፓጉሜ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6። ለብቻዋ ደሞዝ የላትም። ወዲያው እንቁጣጣሽ ይመጣል፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም። ትንፋሽ ሳትሰበስቢ መስቀል፣ መስከረም 17። ታዲያ በባዶ ኪስ ማሽን እንዴት ይገዛል?

እኔ 40 የሞላኝ ቀን ዕቅድ አልጻፍኩም። በዓመቱ ውስጥ ያደረግሁትን ብቻ ጻፍኩ። አንዱ መስመር «ለአባቴ መነጽር አሠራሁለት» ይላል። ረስቼው ነበር። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ዳዊቱን ሲገልጥ ታየኝና እንባዬ መጣ።

አንቺም በሩፋኤል ዝናብ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ያደረግሽውን ጻፊ። ዕቅዱን መስቀል ካለፈ በኋላ ጀምሪው፣ ያውም አንዱን ብቻ። ማሽኑ ከሆነ ዕቁብ ግቢ። ዳኛውን ቀድመሽ አናግሪ፤ ጉዳይሽን ካወቁ ዕጣ የወጣለት ሰው ሊለቅልሽ ይችላል። ትምህርቱ ለሚቀጥለው ዓመት ቢያድር ምንም አይደለም።

የእናትሽን ሕክምና ግን ከዕቅዱ አውጪው። እሱ ልደት አይጠብቅም። በዚሁ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው።