ባዶዋ ቱቦ ለምን ባንድ አወጣች?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ከሚሸጥ የግመል ወተት 12 የባክቴሪያ ኮሎኒዎች ነጠልኩ። በውሃ አፍልቼ ዲኤንኤ ካወጣሁ በኋላ በ27ኤፍ እና በ1492አር ፕራይመሮች (የሚባዛውን ክፍል ጫፎች የሚይዙ አጫጭር ዲኤንኤዎች) ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤ የማባዛት ሥራ፣ ሠራሁ። 5ቱ ጥርት ያለ ባንድ (ጄል ላይ የሚታይ የዲኤንኤ መስመር) ሰጡ፤ 7ቱ ግን ምንም የላቸውም። ይባስ ብሎ ዲኤንኤ ያልጨመርኩባት ቱቦ ደብዘዝ ያለ ባንድ አሳየች። ከየት ልጀምር?
ተመራቂ ተማሪ፣ ከዚራ

መልስ፦ ከባዶዋ ቱቦ ይጀምሩ። እሷ ካልጠራች የ5ቱም ባንድ አይታመንም። እነዚህ ፕራይመሮች 16ኤስ የተባለውን፣ ባክቴሪያን ለመለየት የሚያገለግለውን ዘረመል፣ ከማንኛውም ባክቴሪያ ላይ ይይዛሉ ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ውሃው፣ ፒፔቱ ወይም ዲኤንኤውን የሚያባዛው ታክ ኢንዛይም ራሱ ይዞት የመጣውን ቅንጣት ዲኤንኤ ያባዙታል። ታክ በአብዛኛው የሚመረተው በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ መሆኑን አይርሱ። ፊልተር ያለው ቲፕ ይጠቀሙ፤ ድብልቁንም ኮሎኒ ከሚነካበት ጠረጴዛ አርቀው ያዘጋጁ። ከዚያ መጀመሪያ ውሃውን ብቻ፣ ቀጥሎ ፕራይመሩን፣ በመጨረሻ ኢንዛይሙን ይለውጡ። ሁሉንም ባንዴ ከለወጡ ጥፋተኛው የትኛው እንደነበር አይታወቅም። ፒሲአሩን 35 ዙር እያዞሩ ከሆነ 28 ይበቃል።

ወደ 7ቱ እንምጣ። ባክቴሪያን በሕዋስ ግድግዳው ዓይነት የሚለየውን ግራም ቀለም ቀብተው ይዩዋቸው፤ ግራም ፖዘቲቭ ከሆኑ ወፍራሙ የሕዋስ ግድግዳ ለ10 ደቂቃ ፍላት ብቻ ላይበገር ይችላል። በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ላይሶዛይም (ግድግዳውን የሚያፈርስ ኢንዛይም) ጨምረው በ37 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ያቆዩና ያፍሉ። ስታፊሎኮከስ ላይሶዛይምን ስለሚቋቋም ላይሶስታፊን የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይፈልጋል። ሌላው የተለመደ ስህተት ስስት ነው፦ ኮሎኒውን ሙሉ ማንሳት። የሕዋስ ፍርስራሽ ሲበዛ ታክን ያፍነዋል። በአውቶክሌቭ የጸዳ ስቴኪኒ ጫፍ የያዘው ለ100 ማይክሮሊትር ውሃ ይበቃል። ካፈሉ በኋላ ሴንትሪፊዩጅ አድርገው ከላይ 1 ማይክሮሊትር ይውሰዱ፤ ጎን ለጎን 10 እጥፍ የቀጠነውንም ይሞክሩ። የቀጠነው ባንድ ሰጥቶ ያልቀጠነው እምቢ ካለ ችግሩ ታክን የሚያፍን ነገር ነው።

ድብልቁን በረዶ ላይ ይሥሩ። በድሬ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ፕራይመሮቹ እርስ በርስ ይያያዙና ከጄሉ ግርጌ ከ100 ቤዝ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) በታች የሆነ ጭጋግ ያያሉ። የእርስዎ ባንድ 1,500 ቤዝ አካባቢ መሆን አለበት፤ ለዚህ ርዝመት በ72 ዲግሪ 90 ሰከንድ ይስጡ።

ለሲኮንሲንግ (የዲኤንኤውን ቅደም ተከተል ለማንበብ) ከመላክዎ በፊት እያንዳንዱን ኮሎኒ ሁለቴ በአዲስ ፕሌት ላይ ይጫሩት፤ ድብልቅ ከሆነ የንባቡ ግራፍ ድርብ ጫፎች ይዞ ይመለሳል። ኢ. ኮላይና ሺጌላን ደግሞ 16ኤስ አይለያቸውም፤ ለእነሱ የላክቶስና የእንቅስቃሴ ምርመራ ይጨምሩ።