ኤሌክትሪኩ የአባቴን እጅ ይመልሰዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ አባቴ ስትሮክ ከመታው ዓመት ከአራት ወሩ ነው፣ በከዘራ ይሄዳል ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ ብሎታል፣ እኛ ነን የምናጎርሰው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ጭንቅላት ላይ የሚደረግ በባትሪ የሚሰራ የኤሌክትሪክ ማሽን ኦንላይን አይቶ ልግዛና ልላክ እያለን ነው። ይሰራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ይማርልሽ። መጀመሪያ ለወንድምሽ ደውይለትና እንዳይገዛው ንገሪው። እንደዚህ አይነቶቹ ማሽኖች በስፖንጅ አድርገው 1 ወይ 2 ሚሊ አምፒር ነው የሚለቁት፣ ብዙ ተጠንተዋል ግን አንዱ ጥናት ረዳ ሲል ሌላው ለውጥ የለም እያለ እስካሁን አልለየለትም፣ ቤት ውስጥ ያለ ባለሙያ ሲሆን ደግሞ ቆዳ ማቃጠልም አለ።

ኤሌክትሪክ ተስፋ የለውም እያልኩሽ ግን አይደለም። ቪቪስቲም የሚባል አሜሪካ ውስጥ በ2021 የተፈቀደ መሳሪያ አለ፣ እሱ ራስ ላይ አይደረግም፣ በኦፕሬሽን ደረት ላይ ከቆዳ ስር ይቀበርና ሽቦው በግራ አንገት በኩል ቬገስ ከሚባለው ነርቭ ጋር ይገናኛል፣ ታካሚው እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ባለሙያው ለግማሽ ሰከንድ ይለቅለታል፣ ያኔ አእምሮው ያቺን እንቅስቃሴ እንዲይዛት ነው። ሲጠና 108 ሰው ነበር፣ ሁሉም ደም ስር ተዘግቶ የመጣ ስትሮክ ያለባቸውና ቢያንስ 9 ወር ያለፋቸው፣ ለሁሉም ተቀበረላቸው ግን ኤሌክትሪኩ በትክክል የተለቀቀው ለግማሾቹ ብቻ ነው። ሁሉም የእጅ ስፖርቱን 6 ሳምንት ክሊኒክ ከዛም ቤታቸው ሰሩ፣ ከክሊኒኩ 3 ወር በኋላ ደህና ለውጥ ያመጡት ኤሌክትሪኩ ከተለቀቀላቸው 47 በመቶ፣ ካልተለቀቀላቸው 24 በመቶ።

እኔ ሁሌ የማስበው ስለ 24 በመቶዎቹ ነው። ኤሌክትሪኩ ሳያግዛቸው፣ ጊዜው አለፈ ከተባሉ በኋላ፣ በስፖርት ብቻ ከአራት አንዱ ተሻለው! የተለቀቀላቸውም ቢሆኑ ለውጡን ያገኙት ከስፖርቱ ጋር ነው።

ስለዚህ የማሽኑን ብር ለፊዚዮቴራፒ አድርጉት። ቤት ደግሞ ባለሙያው እንዳሳያችሁ ስኒ ማንሳት፣ ፎጣ ማጠፍ፣ በየቀኑ ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ ይስሩ፣ እጃቸውን ይዛችሁ ግን አትጎትቱ ትከሻቸው ይጎዳል። የደም ግፊት መድኃኒታቸውም እንዳይቋረጥ። ጉርሻውን ደግሞ ተዉት፣ ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ትንሽ መያዝ ከቻሉ ቢያፈሱም በቀኛቸው ይሞክሩ። ጣቶቻቸው ትንሽም ቢሆን ይዘረጋሉ? እሱን ጻፊልኝ።