እጄ ሳላዝዘው ስልኩን ያነሳል

ጥያቄ፦ ስልኬን በየደቂቃው ላለመነካካት ወስኜ ነበር፤ ሳላስበው እጄ ላይ አገኘዋለሁ። ቆራጥነት ስለሚያንሰኝ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። የወሰነው ንቁው አእምሮዎ ነው፤ እጅዎን የሚያንቀሳቅሰው ግን ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መሰልቸት፣ ወረፋ ወይም የመልእክት ድምፅ ሲያገኝ በራሱ ይነሳል። ስለዚህ መማል ብዙም አይረዳም። ለሦስት ቀን ስልኩን ባነሱ ቁጥር ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ በአንድ ቃል ይጻፉ። ከሁሉ የሚደጋገመውን አንዱን ብቻ ይያዙና «ወረፋ ላይ ስቆም ስልኩን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ» ብለው ቁርጥ ያለ ምላሽ ያዘጋጁለት። (ሁሉንም በአንዴ የሞከረ ቶሎ ይሰለቻል።) «21 ቀን ይበቃል» የሚባለውን አይመኑ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የለንደን ጥናት አዲስ ልማድ ለመስረጽ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ገምቷል። አንድ ቀን ቢያመልጥዎም ከዜሮ አይጀምሩም።