አሻፈረኝ ያሉ ቁልፎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኪቦርዴ የጀርመን ነው። በኢማክስ (የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም) አማርኛን ለማብራትና ለማጥፋት ኮንትሮልን ከባክስላሽ ጋር መጫን ጣቴን አሰለቸው። ወደ ሌላ ቁልፍ ማዛወር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ጣትዎም እውነቱን ነው። በጀርመን ኪቦርድ ባክስላሽ ራሷ የምትገኘው አልትጂአርን ከዜሮ ቀጥሎ ካለው ቁልፍ ጋር በመጫን ነው፤ ኮንትሮል ሲጨመርበት በአንድ ጊዜ ሦስት ቁልፍ ይሆናል። ከስፔስ ባር በስተቀኝ ያለችው የሜኑ ቁልፍ ለዚህ ትመቻለች። መጀመሪያ ግን ኢማክስ ምን ብሎ እንደሚጠራት ይጠይቁት፦ ኮንትሮልና ኤች፣ ቀጥሎ ኬ፣ ከዚያ ቁልፏን ይጫኑ። በሊኑክስ «ሜኑ»፣ በዊንዶውስ «አፕስ» ይልዎታል። ዝም ካለ ቁልፏ እሱ ጋ አልደረሰችም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መንገድ ላይ ቀምቷታል፤ የኢማክስን ፋይል ቢነካኩ ዋጋ የለውም።

ስሟን ካወቁ በኋላ ኢማክስ ሲነሳ በሚያነበው የማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ፣ አጻጻፉን ለሚያበራውና ለሚያጠፋው «ቶግል-ኢንፑት-ሜተድ» ለተባለው ትዕዛዝ ይመድቧት። «ዲፎልት-ኢንፑት-ሜተድ» ላይም «ኢትዮፒክ» ብለው ይሙሉ፤ አለዚያ መጀመሪያ ሲጫኗት የትኛውን አጻጻፍ እንደሚፈልጉ ይጠይቃል። (ስሞቹ ፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።) ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የቁልፏ ስም በ< > መካከል ካልገባ ኢማክስ ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ዩን በተራ መጫን ማለት ይመስለውና ስህተት ያወጣል። ላፕቶፕዎ ሜኑ ከሌለው ኤፍ 9ን ይውሰዱ፤ ከኤፍ 5 እስከ ኤፍ 9 ያሉት በኢማክስ ደንብ ለተጠቃሚው የተተዉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቪም (ሌላው የጽሑፍ ማረሚያ) ላይ አማርኛ ጽፌ ኢስኬፕ ከተጫንኩ በኋላ ትዕዛዝ አይቀበለኝም።

መልስ፦ የኮምፒውተሩ አማርኛ አልጠፋም። መስመር ለመሰረዝ ዲን ሁለቴ ሲጫኑ ለቪም የሚደርሰው «ድድ» ነው፤ ድድ ደግሞ ለቪም ምኑም አይደለም። ኮምፒውተሩን እንግሊዝኛ ላይ ይተዉትና የቪምን የራሱን «ኪማፕ»፣ ማለትም የላቲን ፊደሎችን ወደ አማርኛ የሚቀይር ዝርዝር፣ ይጠቀሙ። ይህ የሚሠራው በዋናነት ጽሑፍ በሚያስገቡበት ጊዜ ስለሆነ ኢስኬፕ ሲጫኑ ትዕዛዞቹ በላቲን ይሠራሉ፤ እየጻፉ ለመቀያየር ኮንትሮልና 6 ነው። በቪም አቃፊ ሥር «ኪማፕ» በሚል አቃፊ ፋይል ይፍጠሩ፤ «ሎድኪማፕ» ከሚለው መስመር በታች በእያንዳንዱ መስመር የላቲኑን ፊደል፣ ከጎኑ የአማርኛውን ያስፍሩ። ኤች ብቻዋን «ህ»፣ ኤችና ኢ «ሀ» ከሆኑ፣ ቪም «ህ»ን ከመቁረጡ በፊት ቀጣዩን ፊደል ወይም 1 ሰከንድ ይጠብቃል። አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ኢማክስ ላይ ኮንትሮልና «አይ»ን (የላቲኗን I) ለሌላ ሥራ ስመድብ ታብም አብሮ ተለወጠ።

መልስ፦ በተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ሁለቱም የሚልኩት ቁጥር 9ን ነው፤ ኢንተርና ኮንትሮል-ኤምም እንዲሁ 13ን ይጋራሉ። እዚያ መለየት ከባድ ነው። ራሱን በቻለ የኢማክስ መስኮት ግን ይለያያሉ። አንዳንዶች ታብን ለብቻው እንደገና በመመደብ ሊያመልጡ ይሞክራሉ፤ ያኔ ከታች ባለችው የትዕዛዝ መስመር ታብ ስም መሙላቱን ያቆማል። የሚሻለው ኢማክስ የሚደርሱትን ቁልፎች በሚተረጉምበት «ኢንፑት-ዲኮድ-ማፕ» በተባለው ሠንጠረዥ ላይ ለኮንትሮል-«አይ» አዲስ ስም መስጠትና ሥራውን ለዚያ ስም መመደብ ነው። ይህ ለመስኮቱ ብቻ እንዲሆን ይገድቡት፤ ተርሚናል ውስጥ ከገባ ታብንም ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ተርሚናል ውስጥ ፋይል ላስቀምጥ ኮንትሮልና ኤስ ስጫን ቪም ይደርቃል።

መልስ፦ ቪም አልደረቀም፤ ተርሚናሉ «ማሳየት አቁም» የሚለውን የድሮ ምልክት ተቀብሎ ነው። ኮንትሮልና ኪው ይጫኑ፣ ይለቅዎታል። ፋይሉ ግን አልተቀመጠም።