የኮርቻው ዘንግ አልወጣ ሲል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ሲነዳው የኖረ፣ ፍሬሙ ብረት የሆነ ብስክሌት አለኝ። አሥር ዓመት ያህል ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። አሁን ልጄ ልንዳው ብላ ተነሥታለች፤ ኮርቻው ግን ለእሷ ከፍ ይላል። ማጥበቂያውን ብሎን ፈታሁት፤ ዘንጉ ወደ ላይም ወደ ታችም ንቅንቅ አልል አለ። ኮርቻውን ይዤ ላዞረው ስሞክር ብስክሌቱ በሙሉ አብሮኝ ይዞራል። ዘንጉ ነጣ ያለ ነው፤ ቱቦው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ዙሪያውን ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል። አንዱ ጓደኛዬ «በእሳት አሙቀው ይለቃል» አለኝ፤ ሌላው «ቆርጠህ ጣለው» አለኝ። የአባቴ እጅ የነካው ነገር ስለሆነ እንዲጎዳ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጓደኞችዎን ከመስማትዎ በፊት መጻፍዎ ደስ ብሎኛል። እኔ ዘንድ ተጣመው ከመጡት ፍሬሞች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ቀን ጉልበት የተጎዱ ናቸው። ይህ ሥራ ቀናት ይፈልጋል፤ ቀናቱን ከሰጡት የአባትዎ ብስክሌት ሳይጎዳ ይከፈታል ብዬ አምናለሁ።

ያ ነጭ ዱቄት ትልቅ ነገር ነግሮኛል። ብረት ሲዝግ ቀይ ይሆናል፤ ነጭ የሚሆነው አሉሚኒየም ነው። ማግኔት አስጠግተው ያረጋግጡ፦ ፍሬሙ ይስበዋል፣ ዘንጉ አይስበውም። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ባሉበት እርጥበት ሲገባባቸው፣ በተለይ የላብ ጨው ካለበት፣ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ። እዚያ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። ተበልቶ የሚቀረው ነጭ ነገር ደግሞ አሉሚኒየሙ ከያዘው የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። በዘንጉና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ክር ብዙም የማይሰፋ ስለሆነ መሄጃ ያጣና ሁለቱን አጣብቆ ይይዛቸዋል።

እሳቱን ይተዉት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ፍሬሙን ሲያሞቁት ሙቀቱ ወደ ዘንጉ ይሻገርና ውስጥ ያለው ከውጭው በልጦ ያብጣል፤ የባሰ ይነክሳል። ቀለሙም ይቃጠላል፣ የቀቡት ዘይትም እሳት ሊይዝ ይችላል። የሚጠቅመን ተቃራኒው ነው፤ ዘንጉን ማቀዝቀዝ። እዚህ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ብሎኑን ከማላላት አልፈው ጨርሰው ያውጡት፤ የማጥበቂያው ቀለበት ከተነቀለ እሱንም ያንሡት። ከዚያ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይግዙ። ግራሶ ወይም ወፍራም የሞተር ዘይት እዚህ አይሠራም፤ ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ዘይት ነው የሚያስፈልገው። በዘንጉ ዙሪያና ከኋላ ባለው ስንጥቅ በኩል ጠብ ያድርጉ። አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል። እርስዎ ግን ብስክሌቱን ይገልብጡት። በብዙ ፍሬሞች የኮርቻው ቱቦ ታችኛው ጫፍ የፔዳሉ ኩሽኔታ ወዳለበት ቤት ክፍት ነው፤ ያንን አስፈትተው በዚያ በኩል ዘይት ካፈሰሱ ከታች ወደ ዘንጉ ይደርሳል። ቱቦው ላይ የውኃ ጠርሙስ መያዣ ብሎኖች ካሉ በቀዳዳቸውም መጨመር ይቻላል። ጠዋትና ማታ፣ አንዴ ገልብጠው አንዴ አቅንተው፣ ለአንድ ሳምንት ይድገሙት። በየጊዜው የሚታየውን የዘንጉን ክፍል በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ዙሪያውን ይምቱት፤ ንዝረቱ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። እኔ አንዱን ዘንግ አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ስጠብቀው ቆይቻለሁ፤ በአሥረኛው ቀን ምንም አልነበረም።

ሳምንቱ ሲሞላ ኮርቻውን ይንቀሉ። የዘንጉ አናት ክፍት ከሆነ የተፈጨ በረዶ ይሙሉበት፤ ድፍን ከሆነ በረዶ በላስቲክ አድርገው በውጭው ክፍል ይጠቅልሉበትና ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ከዚያ አናቱ ላይ እንጨት አድርገው ወደ ታች ይምቱት። ላውጣ ብሎ ወደ ታች መምታት ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን አንዲት ሚሊሜትር እንኳ ከወረደ ጥብቀቱ ተሰብሯል ማለት ነው።

ካልወረደ ወደ ማዞር እንሄዳለን። መሳብ አይደለም፤ ሲሳብ ያልመጣ ዘንግ ሲዞር ይመጣል። ሁለቱንም ጎማ ያውጡ፤ የዘንጉን አናት ጠንካራ ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር፣ ዕቃ ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ) ውስጥ አጥብቀው ያስሩና ፍሬሙን ራሱን እንደ ረጅም እጀታ ይዘው ያዙሩ። ዘንጉ በሞርሳው መጎዳቱ አይቀርም፤ እሱ ግን በሌላ ይተካል። አንድ እጅዎ ኮርቻው ቱቦ አጠገብ፣ ሌላው መሪው በሚገባበት ወፍራም ቱቦ ላይ ይሁን፤ የኋላዎቹን ቀጫጭን ቱቦዎች አይያዙ። ወደ ቀኝ ጥቂት፣ ወደ ግራ ጥቂት። በድንገት ደረቅ እንጨት እንደተሰበረ «ቀጭ» ይላል። ያን ጊዜ ፍሬሙ ተሰበረ ብለው ይደነግጡ ይሆናል፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደንግጬ ለቅቄዋለሁ። የለቀቀው ግን ነጩ ነገር ነው። ሲንቀሳቀስ ቸኩለው አያውጡት፤ ዘይት ጨምረው እያመላለሱ ያዙሩት። ነጭ ጭቃ ከአፉ ሲወጣ ይጥረጉትና ይቀጥሉ። የቧንቧ ቁልፍ ግን ፍሬሙ ላይ በፍጹም አያስነኩት፤ ቀጭን ቱቦ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም።

ይህም ካልሆነ ብቻ የሁለተኛው ጓደኛዎ ምክር ይመጣል። ዘንጉን ከቱቦው በላይ 3 ሴንቲሜትር አስቀርተው በመጋዝ ይቁረጡት። የመጋዙን ምላጭ ብቻውን፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ወደ ውስጥ አስገብተው የዘንጉን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በርዝመቱ ይሰንጥቁት። የሚወርደውን ብናኝ ይመልከቱ፤ የአሉሚኒየሙ የሚያብለጨልጭ ነጭ ነው። ጠቆር ካለ፣ ወይም የመጋዙ ድምፅ ከተለወጠ፣ ፍሬሙን ነክተዋልና ወዲያው ያቁሙ። ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቅ ከሠሩ በመካከላቸው ያለውን ቁራጭ በፒንሳ ወደ ውስጥ ማጠፍ ይቻላል፤ ቀሪው ይላላል። አድካሚ ነው፣ ሰዓታት ይወስዳል፣ ግን ይሠራል።

ኮስቲክ ሶዳ የሚልዎት ሰውም አይጠፋም። እውነት ነው፣ አሉሚኒየምን ያሟሟል፣ ብረቱን ይተወዋል። ነገር ግን ሲሠራ ይፈላል፣ እሳት የሚይዝ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። ልጅ ባለችበት ቤት እኔ አልመክርዎትም።

ከወጣ በኋላ የቱቦውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉት፤ ነጭ ዱቄት ከቀረ አዲሱንም ይይዘዋል። አሮጌው ዘንግ ላይ 27.2 ወይም 26.8 የመሰለ ቁጥር ተቀርጾ ያገኛሉ፤ ዲያሜትሩ በሚሊሜትር ነው። አዲሱ በትክክል ያው ቁጥር ይሁን። ትንሽ የቀጠነ ዘንግ በማጥበቅ ብዛት ቢያዝም እየተወዛወዘ የቱቦውን አፍ ይሰነጥቀዋል። ከማስገባትዎ በፊት ዘንጉንም ቱቦውንም ግራሶ በደንብ ይቀቡ። የኋላ ጎማ የሚረጨው ውኃ በስንጥቁ እንዳይገባ ከአሮጌ ካላማዳሪያ አንድ ቀለበት ቆርጠው መጋጠሚያው ላይ ያልብሱት። በዓመት ሁለቴ እያወጡ ግራሶውን ያድሱ።

ዘንጉ ላይ የተሰመረው የመጨረሻ ከፍታ ምልክት ከቱቦው ውጭ መታየት የለበትም። የልጅዎን ከፍታ ካገኙ በኋላ ዘንጉ ላይ ትንሽ ቴፕ ይለጥፉ፤ ለግራሶ ባወጡት ቁጥር ወደ ቦታው ለመመለስ ይረዳዎታል። እሷ ስትረዝም ቴፑን ወደ ታች ማውረድ ነው።